የአጎቴን ኮሮላ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ32 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። የምኖረው አያት አካባቢ ነው። ጠዋት ጠዋት ባቡሩም ታክሲውም ስላለ እንደምንም እደርሳለሁ፤ አሳሬን የሚያሳየኝ ምሽት ላይ ከሥራ ስወጣ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሰልፉ አያልቅም፣ ኮንትራት ከያዝኩ ደግሞ ደመወዜ አይበቃም። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና እወስዳታለሁ። አምስት ዓመት ቆጥቤ፣ በቅርቡ እቁብ ሲደርሰኝ ገንዘቤ 1,150,000 ብር ሞላልኝ።

ይህን የሰሙት አጎቴ መኪናቸውን ሊሸጡልኝ ፈለጉ። አባቴ ከሞተ በኋላ እስከ ኮሌጅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መኪናዋ በ1998 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 1.6፣ ካምቢዮዋ ማንዋል። አሥራ ስድስት ዓመት ነድተዋታል። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው መንዳት አቁመዋል። ዋጋዋን 1,100,000 ብር አሉኝ። «ለባዕድ ቢሆን ከዚህ በላይ አወጣባታለሁ» ይላሉ፤ ውሸትም አይመስለኝም።

ሆኖም ጠዋት ስትነሳ ጭስ ታወጣለች፤ «ብርድ ነው» ይሉኛል። ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ሁልጊዜ ውኃ የተሞላ ጀሪካን አለ። ዓይናቸው ሳይደክም በፊት አንድ ቀን ወደ እንጦጦ ስንወጣ የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል አየሁ። እሳቸው ምንም ሳይደነግጡ የውስጡን ማሞቂያ ከፈቱና መስኮት አወረዱ። መካኒካቸው «ማሽን ናት፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ባል ደግሞ «አሮጌ መኪና ገዝተሽ ለጋራዥ ደመወዝ ልትከፍይ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በዚያ ላይ አጎቴ የስም ማዛወሪያው ወጪ እንዳይበዛብኝ «በውክልና ያዥና ንጂ» ይሉኛል። ሌላ መካኒክ ላሳያት ብል «አታምኚኝም ወይ?» የሚሉኝ ይመስለኛል። እምቢ ብል ይቀየሙኛል። እሺ ብል ያለኝን ሁሉ አፍስሼ ነው። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከአያት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ያቺ ጀሪካን ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ጤነኛ መኪና ያለው ሰው በየሄደበት ውኃ ተሸክሞ አይዞርም። ነገር ግን አጎትሽ ጀሪካኗን ከአንቺ አልሸሸጓትም፤ አንቺ እያየሽ ማሞቂያውን ከፈቱ፣ አንቺ እያየሽ መስኮት አወረዱ። ሊያታልል የተነሳ ሰው እንዲህ አያደርግም። እኔ እንደሚመስለኝ አጎትሽ እየዋሹሽ አይደለም፤ ለምደዋት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የመኪናውን ሕመም እንደ ጠባይ ይቆጥረዋል። ጭሱ «ብርድ» ይሆናል፣ መሞቋም «ዳገት ስለማትወድ» ይሆናል። የትኛው ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ፣ መቼ ማሞቂያ መክፈት፣ በስንት ቀኑ ውኃ መጨመር እንዳለባቸው እጃቸው ያውቀዋል። አንቺ ግን የምትገዢው መኪናዋን ነው፤ ያ ልማድ አብሮ አይሸጥልሽም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እናትሽ ከኋላ ተቀምጠው፣ ያ መርፌ ከፍ ሲል የምታይው አንቺ ነሽ።

ይህን የምልሽ ስለ ሌላ መካኒክ ያለሽን ስጋት እንዲያቀልልሽ ብዬ ነው። ሌላ ሰው የሚያያት አጎትሽ ስለማይታመኑ ሳይሆን እሳቸው ከለመዷት ወዲህ ማየት ስላቆሙ ነው። አንቺ ነርስ ነሽ፤ ሐኪም የገዛ ልጁን ሲያመው ለምን ለባልደረባው እንደሚያሳይ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ይህንኑ ምሳሌ ለአጎትሽ ብትነግሪያቸው የሚስቁ ይመስለኛል።

ወደ መኪናዋ ልመለስ፤ ማሞቂያውን የመክፈቱ ነገር ብልሃት ነው። የውስጡ ማሞቂያ የሚሠራው በሞተሩ ሙቅ ውኃ ስለሆነ፣ ሲከፈት እንደ ትንሽ ተጨማሪ ራዲያተር (የሞተሩን ውኃ የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) ሆኖ ሙቀቱን ወደ ተሳፋሪው ያመጣዋል። ችግሩን ግን አይፈውሰውም። የእኛ ከተማ ደግሞ ለዚህ ሕመም አይመችም። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዚህ ሞተር ተርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር፣ የሚከፈተው ደግሞ 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገውን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ባዶ ውኃ ብቻ ለያዘች መኪና ያላት ትርፍ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። እንጦጦ ደግሞ አሥር ዲግሪን በአንድ ዳገት ይበላል።

እኔም በዚህ ተምሬያለሁ። ወጣት ሳለሁ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ገዝቼ ነበር። ልገዛ ስሄድ ሞተሯ ሞቆ ጠበቀኝ፤ «ሱቅ ደርሼ መጣሁ» አለኝ፣ እኔም ምንም አልጠረጠርኩም። በሁለተኛው ወር ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ዓባይ በረሃን ወርጄ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። ቆምኩ። ከዚያም የሞኝ ሥራ ሠራሁ፤ በጨርቅ ይዤ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩት። ግራ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። እባክሽ፣ መኪናዋን ገዛሽም ተውሽም፣ ትኩስ ሞተር ላይ ያንን ክዳን እንዳትነኪ። ያን ቀን የተቃጠለው ክንዴ ብቻ አልነበረም፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮንም (የሞተሩን ራስ ከአካሉ ጋር አሽጎ ውኃና ዘይት እንዳይገናኙ የሚያደርገው) ሄዷል፣ ለመኪናዋ ከከፈልኩት ገንዘብ ሩብ የሚሆነውም አብሮት።

ሞቃ የምትጠብቅሽ መኪና ሕመሟን ትደብቃለች፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናዬ መኪናዋን ቀዝቅዛ እንድታገኚያት ነው። በጠዋት ሂጂ፣ ሌሊቱን የቆመች መሆን አለባት። ስትደርሺ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ፤ እንደ ጠዋቱ አየር የቀዘቀዘ ከሆነ ደህና ነው። ሳትነሳ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺና ውስጡን እዪ። ሻይ የመሰለ የዛገ ውኃ ካየሽ፣ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲጨመርባት ኖሯል ማለት ነው፤ ራዲያተሩም በከፊል ሳይደፈን አይቀርም። ቀጥለሽ የሞተር ዘይት የሚጨመርበትን ክዳን ገልብጪ። ከሥሩ እንደ ማኪያቶ አረፋ ያለ ነጣ ያለ ነገር ካለ፣ ውኃና ዘይት ሳይገናኙ እንዳልቀሩ ምልክት ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ይመርመር። በየጋራዡ ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ «ሕክምና» ስለሆነ፣ የእሷም ወጥቶ እንደሆነ ጠይቂ። ተርሞስታት የሌላት መኪና ከተማ ውስጥ ቀዝቅዛ ትሄዳለች፣ ቤንዚን ትበላለች፣ ሞተሩም ቶሎ ያልቃል።

አሁን አስነሷት፤ አንቺ ግን ከጭስ መውጫው ኋላ ቁሚ። ስለ ብርዱ አጎትሽ ግማሽ እውነት አላቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ማንኛዋም መኪና ነጭ እንፋሎት ታወጣለች፣ ሞተሩ ሲሞቅም ይጠፋል። የሚያሳስበኝ ሰማያዊ ከሆነ ነው። ስትነሳ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ በደቂቃ ውስጥ ከጠፋ፣ ሌሊቱን በቫልቮቹ በኩል የተንጠባጠበ ዘይት ነው የሚቃጠለው። የቫልቭ ላስቲኮች በዕድሜ ብዛት ሲደርቁ የሚመጣ ነገር ነው፤ ቴስታታ ከፍቶ የሚሠራ እንጂ መኪና የሚያስጥል አይደለም። ሰማያዊው ጭስ ሞተሩ ሞቆም ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ግን የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሞተር መክፈት ሊመጣ ነው። ነጩ ጭስ ሞተሩ ሞቆም የማያቋርጥ ከሆነና የውኃው መጠን እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ ወደ ጀሪካኗ ተመለስን፤ ውኃው ሞተሩ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም።

አጎትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ «ዘይት ትበላለች?» ብለሽ ሳይሆን «ዘይት ከቀየሩ በኋላ እስከሚቀጥለው ድረስ ስንት ሊትር ይጨምራሉ?» ብለሽ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም ሰው «አትበላም» ይላል። ሁለተኛው ግን ቁጥር ይፈልጋል። ሐቀኛ ሰው ደግሞ ቁጥር ሲጠየቅ ቆም ብሎ ያስባል። በሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ከደረሰ ችላ የሚባል አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው መካኒክ የሚመጣው። አጎትሽን የማያውቅ፣ ከሽያጩ አምስት ሳንቲም የማያገኝ፣ የድካሙን አንቺ የምትከፍይው ሰው ይሁን። የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (አየር የመጨመቅ አቅማቸውን) ይለካልሽ። እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ከዚያ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የሚገኘው ቁጥር ዝቅ ብሎ ቢታይ ሞተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። አንቺ የምታይው በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ ምክንያቱን ይንገርሽ። የካምሻፍቱን ቺንጋም (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ የሚያዞረውን ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ጠይቂ፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የሚቀየር ነው። ደግነቱ 4ኤ በሚባለው የ1.6 ሞተር ላይ ቢበጠስ መኪናዋ ባለችበት ትቆማለች እንጂ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር አይጋጩም። ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ባለችበት መቆሟ ራሱ ለአንቺ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን) ለመሞከር የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሦስተኛ ማርሽ ይግባና ፔዳሉ ቀስ ብሎ ይለቀቅ፤ ሞተሩ ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የፍሬን ፔዳሉን ረግጠሽ ያዢው፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ እናትሽን አታሳፍሪባት። በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሬዲዮ ዘግታችሁ ንዱ፤ የጎሚኒዎቹና የአሞርዛተሮቹ (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርዱት ላስቲኮችና ዕቃዎች) ድምፅ ይሰማሻል፣ በዚህ ዕድሜዋ ባይሰማ ነው የሚገርመኝ። የጎማዎቹን ዕድሜም እዪ። ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ 2214 ቢል በ2014 እ.ኤ.አ. በ22ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜ ደርቆ ሊፈነዳ ይችላል፤ ብዙ ያልተነዳች የሽማግሌ መኪና ላይ ይህ በብዛት ይታያል።

ሌላ ሰው ቢጽፍልኝ ኖሮ ግጭት ስለሚሸፍን ስቱኮ፣ ስለተበየደ ቻንሲ (የመኪና አጽም)፣ ወደ ኋላ ስለተመለሰ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አንድ ገጽ እጽፍ ነበር። ለአንቺ አያስፈልግሽም። መኪናዋን ማን እንደነዳት፣ የት እንደቆመች፣ መቼ እንደተጋጨች ታውቂያለሽ። ደላላ ሺህ ጊዜ ቢምል የማይሰጥሽ ነገር ይህ ነው፤ ከዋጋ አንጻርም ክብደት አለው። የኮሮላ መለዋወጫም ሶማሌ ተራ ብትሄጂ አታጪም። ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ካስወደደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለች መኪና ዋጋዋ በቀላሉ አይወድቅም። ነገ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ትሸጫታለሽ። የባልደረባሽ ባል የሳቀው ይህን ሁሉ ሳያስብ ይመስለኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ካሰብሽ ደግሞ መጀመሪያ የምትኖሪበት ግቢ ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ መዘርጋት ትችይ እንደሆነ አጣሪ፤ ያ ከሌለ ሌላው ወሬ ነው።

የሚያስፈራኝ ገንዘብሽ ነው። 1,150,000 ብር ይዘሽ 1,100,000 ከከፈልሽ፣ በሃምሳ ሺህ ብር ስም ታዛውሪያለሽ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ትገቢያለሽ፣ ጎማ ትቀይሪያለሽ፣ ራዲያተር ታሠሪያለሽ። አይበቃም። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረች መኪና በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ገንዘብ ትጠይቃለች፤ ጥፋቷ አይደለም፣ አዲስ ባለቤት ሲመጣ የተዘለለው ሁሉ ይወጣል። እኔ ብሆን ቢያንስ 150,000 ብር ሳልነካ አስቀምጣለሁ። ስለዚህ ደህና ሆና ብትገኝ እንኳን አቅምሽ እስከ አንድ ሚሊዮን ነው። መካኒኩ ያገኘውን ሁሉ ከነግምቱ በወረቀት ይጻፍልሽ። ከአጎትሽ ጋር ስትቀመጪ የምትከራከሪው አንቺ አትሁኚ፤ ወረቀቱ ይናገር። «ጋሼ፣ ይህን ይህን ማሠራት አለብኝ፣ ከዋጋው ይቀነስልኝ፤ ካልሆነም እርስዎ በሚያውቁት ጋራዥ ያሠሩልኝና በተባባልነው እወስዳታለሁ» ብትያቸው ለክብራቸውም ይመቻል።

በውክልና የሚባለውን ግን እሺ እንዳትዪ። ዋጋው ላይ ብትሸነፊ ይቅር፤ እዚህ ላይ አትሸነፊ። አጎትሽ ለአንቺ አስበው ነው፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ግን ውክልና የሰጪው ሕይወት ሲያልፍ አብሮ ያበቃል። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በስማቸው ነው፣ መኪናዋም የወራሾች ትሆናለች፤ አንቺ ሙሉ ዋጋ ከፍለሽ ከአጎትሽ ልጆች ጋር ፍርድ ቤት ትቆሚያለሽ። በሌላ በኩል አንቺ ሰው ብትገጪ ሕጉ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ በዚያ ዕድሜያቸው ፖሊስ ጣቢያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁለተኛውን ብትነግሪያቸው ራሳቸው «እናዛውር» ይላሉ። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ስትፈራረሙ ሚስታቸውም ይኑሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሕጉ ግን አለ።) የሞተርና የቻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያዪ፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሞተር ተቀይሮ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺ። ይህችው መኪና፣ በዚሁ ዋጋ፣ ከነጀሪካኗ የማታውቂው ሰው ቢሆን የሚሸጥልሽ ትገዢያት ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ምርመራው ብቻ ነው የቀረሽ። «አይ» ከሆነ ግን ልትከፍይ ያሰብሽው የትምህርት ቤት ክፍያሽን ነው ማለት ነው። ውለታ መመለስ መልካም ነገር ነው። ከዘመድ ጋር መብላት መጠጣት እንጂ መነገድ አይገባም ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም፣ ከዘመድም ይገዛል። ነገር ግን አጎትሽ ያስተማሩሽ መኪናቸውን እንድትገዢ አልነበረም። ሞራቸውን ለማስገፈፍ ሐኪም ዘንድ ብትወስጃቸው፣ ቀጠሮውን ብትከታተዪላቸው፣ ለእሳቸው ከዚህ የበለጠ የሚሆን ይመስለኛል። ይህን ደግሞ ከአንቺ የተሻለ የሚያደርገው የለም።

ምርመራው መጥፎ ዜና ቢያመጣና ልትተዪያት ብትወስኚ፣ «አልፈልግም» ብለሽ ብቻ አትውጪ። በመሸጡ አግዣቸው። ፎቶ አንሺላቸው፣ ደላላ ሲመጣ አብረሻቸው ተቀመጪ፤ ዓይናቸው በደከመበት ጊዜ ማንም እንዳይጫወትባቸው። የመካኒኩን ወረቀትም ለእሳቸው ስጪያቸው፤ ለሚመጣው ገዢም መናገር ያለባቸው ነገር ነው። ሊቀየሙሽ ይችላሉ፤ ለሳምንት፣ ምናልባትም ለወር። ያስተማሩሽ ሰው ናቸውና ዓይናቸውን ስታሳክሚ የሚመለሱ ይመስለኛል።

ለጊዜው ምንም አትወስኚ፣ ቀብድም አትክፈዪ። ቅዳሜ ማታ ደውዪላቸውና «ጋሼ፣ ነገ በጠዋት ቁርስ ይዤ እመጣለሁ፤ እኔ ሳልደርስ ማንም መኪናዋን እንዳያስነሳት» በያቸው። ለምን ብለው ከጠየቁሽ የእኔን ክንድ ንገሪያቸው።